«ስኳሩ ነው» ከማለታችን በፊት

(ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የስኳር ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ስለ ስኳርና ካንሰር ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኙ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት ጻፍኩት፤ ጊዜ አጥሮኝ የዘለልኩትንም ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጠዋት መርፌውን ወግቶ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ሰው ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ከኋላ ካለው ሻይና ዳቦ ይውሰድ። ማንም አይታዘባችሁም። እኔም እጠብቃለሁ።

ነርስ ነኝ። የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ከታካሚም፣ ከአስታማሚም፣ ከባልደረቦቼም፣ ከራሴም አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል አለ። «ስኳሩ ነው» የሚል። ከሳሁ ትሉናላችሁ፤ ስኳሩ ነው እንላለን። ደከመኝ፤ ስኳሩ ነው። ሌሊት ሽንት እያመላለሰኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ስኳሩ ነው። ያሳክከኛል፣ ፈሳሽ አለኝ፤ እሱም ስኳሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነት ነው። አስር ጊዜ ልክ ስለሆነ አስራ አንደኛው ላይ ማንም አይጠራጠርም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ አስራ አንደኛው ነው።

አክስት ነበረችኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ነበር የሚላት። 58 ዓመቷ ነበር። ስኳሯ ከታወቀ 11 ዓመት ሆኖታል። ቀጠሮ አታሳልፍም፣ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ የስኳሯን ልክ በትንሽ ደብተር ላይ በእርሳስ እየጻፈች ለሐኪሟ ታሳያለች። የወር አበባዋ ከቆመ ከስድስት ዓመት በኋላ ደም ማየት ጀመረች። ጠብታ ነገር ናት። ለክትትል ስትሄድ «ሽንቴ ላይ ደም አያለሁ» አለች፤ ማህጸኔ ለማለት አፍራ ነው። የሽንት ምርመራ ታዘዘላት። ኢንፌክሽን ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል ተባለችና መድኃኒት ተሰጣት። በሁለት ወሯ ስትመለስም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ መናገሩን ተወችው። እኔ የሰማሁት ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ለክርስትና ተሰብስበን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍን፣ እግረ መንገዷን «ይሄ ስኳር የማያመጣብኝ የለም» ብላ ስትነግረኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ካንሰር ነበር። የማህጸን በር ላይ የሚወጣው ሳይሆን ከውስጠኛው ግድግዳ የሚነሳው። ሲገኝ ከማህጸን አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር አብራን ቆየች።

በነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ አራት ጊዜ ሐኪም ፊት ቀርባለች። አራት ጊዜ! አራቱንም ጊዜ ስኳሯ ተለክቷል፣ ግፊቷ ተለክቷል፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ ቀጥዪ» ተብላ ተሸኝታለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እቴቴ ግን አልደበቀችም፤ አፍራ ስሙን ለወጠችው እንጂ ተናግራለች። የደበቀው ራሱ ስኳሩ ነው። አንዱ በሽታ በሌላው ላይ ጥላውን ጥሎበት ነው ሳይታይ የቀረው።

ይህ የኛ ቤት ገጠመኝ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ስኳር ያለባቸው ሴቶች ሐኪም ጋ ከሌሎቹ ሴቶች በበለጠ ቢመላለሱም ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ የተነሱት ግን ከሌሎቹ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ማሞግራም በነጻ በሚሰጥበት አገር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች በማህጸን በርና በአንጀት ምርመራም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አስቡት እስቲ፤ ሐኪም ቤት ደጅ አብዝቶ የሚረግጠው ሰው ነው ለካንሰር ያልተመረመረው።

ምክንያቱን እኔ ከውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። አንድ ሰው ክፍላችን ሲገባ ያለን ደቂቃ ጥቂት ናት። ስኳሩን፣ የ3 ወሩን ውጤት፣ ግፊቱን፣ እግሩን፣ ኩላሊቱን፣ ዓይኑን እናያለን። መድኃኒቱ አልቆበት ይሆናል፣ ኢንሱሊኑ ጠፍቶ ይሆናል። ከውጭ 40 ሰው ወረፋ ይዞ ቁጭ ብሏል። በዚህ መሐል «የማህጸን በር ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ ምርመራው የሚሰጥበት ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የስኳር ካርድና የእናቶች ክፍል ካርድ አይተዋወቁም። ዘመቻውም ቢሆን የጡት ካንሰር በፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ የስኳር ቀን በኖቬምበር 14 ይከበራል። ወራቱ ጎን ለጎን ናቸው። መድረኩ ላይ ግን አንዱ ስለሌላው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ስኳርና ካንሰርን ምን አገናኛቸው?

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ባለሙያዎቻቸውን ሰብስበው የነበረውን ማስረጃ ሁሉ አገላብጠው ነበር። የደረሱበት ይህ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ ሁለተኛው ዓይነት (አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ ላይ የሚጀምረው) ያለባቸው፣ የጉበት፣ የቆሽትና የማህጸን ግድግዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ያልፋልም። የትልቁ አንጀት፣ የጡትና የፊኛ ካንሰር ደግሞ ከመቶ ከ20 እስከ 50 ያህል ከፍ ይላል። የፕሮስቴት (ከወንድ የሽንት ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ካንሰር ግን በተቃራኒው ስኳር ባለባቸው ወንዶች ላይ ትንሽ አነስ ብሎ ነው የተገኘው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ፊታችሁ ሲለዋወጥ እያየሁ ነው። እጥፍ ማለት ይይዛችኋል ማለት አይደለም። ትንሽ ነገር እጥፍ ቢሆንም ትንሽ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት አብዛኞቻችሁ እነዚህ ካንሰሮች አይነኳችሁም። የምነግራችሁ እንድትፈሩ ሳይሆን ቀጠሮ ላይ አፋችሁን እንድትከፍቱ ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ራሱ ኢንሱሊን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሰውነት ኢንሱሊኑን አልሰማ ስለሚል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። ኢንሱሊን ስኳር ማውረድ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙም ያዛል። ለዓመታት በብዛት ሲኖር መባዛት የሌለበትም ይባዛል። ውፍረት ሲጨመርበት ይብሳል። በተለይ የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን መሥራቱን ይቀጥላል፤ ይህ ሆርሞን የማህጸንን ግድግዳ ያለ ዕረፍት ያሳድገዋል። እቴቴ ላይ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ለማህጸን ግድግዳ ካንሰር ለሁሉም ሴት የሚደረግ ቅድመ ምርመራ የለም። የማህጸን በር ምርመራም ይህንን አያሳይም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ብሎ ደሙን ችላ ይላል። ግን ይህ ካንሰር ጥሩ ጠባይ አለው፤ ቀድሞ ይናገራል። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ከያዛቸው መቶ ሴቶች ወደ 90ዎቹ ደም ያያሉ። ደም ካዩት መቶ ሴቶች ውስጥ ደግሞ ካንሰር የሚገኝባቸው ወደ 9 ያህል ናቸው። ስለዚህ ደም ካያችሁ ምናልባት ሌላ ነገር ነው፤ ሆኖም መታየት አለበት። አንድ ጠብታም ቢሆን፣ ከሳምንት በኋላ ቢቆምም። በአልትራሳውንድ የግድግዳው ውፍረት ይለካል፣ አስፈላጊ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። በጊዜው ከተገኘ ብዙዎቹ ማህጸኑ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ይድናሉ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣን ደም ስኳር አያመጣውም። ይህንን ከዛሬ ንግግሬ ብቸኛ አድርጋችሁ ብትወስዱም ይበቃኛል።

የማህጸን በር ካንሰር ጉዳይ ሌላ ነው። ከስኳር ጋር ያለው ትስስር እንደነዚያ አይደለም፤ የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ግን አገራችን ውስጥ ብዙ እናት የሚወስደው እሱ ስለሆነ ልዘለው አልችልም። እ.ኤ.አ. ለ2020 በተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ወደ 7,400 ሴቶች በዚህ ካንሰር ሲያዙ ከ5,300 በላይ ሞተዋል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጉና እዩአቸው። የሚሞተው ለሚያዘው ሊደርስ ምን ቀረው? ምክንያቱም የሚመጡት ዘግይተው ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ሌሎች ማዕከላት ተጨምረዋል፤ ቢሆንም ጨረር እስኪያስፈልግ መቆየት የለብንም፤ ይህ ካንሰር ካንሰር ከመሆኑ በፊት ነው የሚያዘው።

ምርመራው እኮ ቀላል ነው! ብዙ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የሚሠራው አሴቲክ አሲድ በሚባል፣ ቤት እንደምናውቀው ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ነው። የማህጸኑ በር ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ችግር ያለበት ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለሕክምናው የሚሆን ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት ይታከማል። ሴትየዋ ቤቷ ሄዳ ወጥ ትሠራለች። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የኤችፒቪ ምርመራ ገብቷል፤ እሱን ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች። ማንም አያያትም፣ ለሚያፍሩ እናቶች ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስኳር ላለባችሁ ልዩ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ይህንን ፖስተር ላይ አታገኙትም። የኮምጣጤው ምርመራ የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ምክንያት አለው፤ የወር አበባ ሲቆም ችግሩ የሚነሳበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ኮምጣጤው አያሳየውም። የኔ ክፍል ታካሚዎች ግን አብዛኞቹ ከ50 በላይ ናቸው። ስለዚህ እናት በስንት ልመና ሄዳ «እማማ፣ ዕድሜዎ አልፏል» ተብላ ትመለሳለች። ዕድሜዋ ያለፈው ለዚያ ዓይነት ምርመራ ነው እንጂ ለካንሰሩ አይደለም። በሕይወታችሁ አንድም ጊዜ ሳትመረመሩ 50 ካለፋችሁ «የኤችፒቪ ምርመራ ወይም ፓፕ ስሚር የት ላገኝ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፓፕ ስሚር ከማህጸን በር ሴል ተጠርጎ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ነው። በዚሁ ሳልናገር የማላልፈው የሴት ልጆቻችሁን የኤችፒቪ ክትባት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ይሰጣል፣ አስከትቡ።

ስኳር ስላለብኝ ቁስሉ አይድንልኝም ብላችሁ ምርመራ የምትፈሩ አላችሁ። ምርመራው ቁስል አይተውም። ሕክምና ካስፈለገ ለሐኪሙ ስኳር እንዳለባችሁ ትናገራላችሁ፣ ስኳራችሁን በደንብ ትከታተላላችሁ፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ካለ ቶሎ ትመለሳላችሁ። በቃ። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፈሳሹ ነው። ስኳር ከፍ ሲል ፈንገስ ይበዛል፣ ያሳክካል፣ ነጭ ፈሳሽ ይኖራል፤ ልክ ነው። መድኃኒት ወስዳችሁ የማይጠፋ፣ የሚሸት፣ ደም የቀላቀለ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ደም የሚያሳይ ከሆነ ግን ያ የፈንገስ ጠባይ አይደለም።

ወደ ጡት ልሂድ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ በዚያው በ2020 ግምት ወደ 16,000 አዲስ ሕሙማን በዓመት። ማሞግራም ያለው ትልልቅ ከተማ ላይ ስለሆነና ዋጋውም ስለሚከብድ ሁላችሁንም ሂዱ ተነሱ ማለት አልችልም። ከ40 በላይ ሆናችሁ አቅሙም መሣሪያውም ካለ ተነሱ፤ መጾም አያስፈልገውም፣ መርፌም ኪኒንም አይቋረጥም። ከሌለ ግን በክትትል ቀን «ጡቴን ይዩልኝ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። የራሳችሁን ጡትም እወቁት፤ ገላችሁን ስትታጠቡ በሳሙና እጅ። ለዓመታት ኢንሱሊን በሚወጉ፣ በተለይ አንደኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሴቶች ላይ፣ በስኳሩ ምክንያት ጠንከር ያለና የማያም እብጠት ጡት ላይ ሊወጣ ይችላል። ካንሰር አይደለም፤ ሲዳሰስ ግን ቁርጥ ካንሰር ነው የሚመስለው። ይህንን የምነግራችሁ እብጠት ስታገኙ ተስፋ እንዳትቆርጡ፣ ደግሞም ማንም በእጁ ዳስሶ ብቻ «የስኳር ነው» ብሎ እንዳይመልሳችሁ ነው። ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው።

ወንዶች፣ እስካሁን ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ፤ አሁን የናንተ ነው። አንጀት፣ ጉበት፣ ቆሽት፣ ፊኛ የሴትና የወንድ አይባልም።

ሰገራ ላይ ደም ሲታይ አገራችን ውስጥ የታወቀ መልስ አለ፤ «ኪንታሮት ነው» የሚል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ነው የሚባለው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሁለተኛ መሸፈኛ አለ፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን። ሜትፎርሚን ሆድ ያስቀምጣል፣ በተለይ ሲጀመር። ስለዚህ ተቅማጥ ሲመጣ «ኪኒኑ ነው» ይባላል። አምስት ዓመት ሲወስደው ምንም ያላደረገው ሰው ድንገት ሆዱ ጠባዩን ከቀየረ፣ አንድ ሳምንት ድርቀት አንድ ሳምንት ተቅማጥ ከሆነ፣ ደም ማነስም ከተገኘበት፣ ኪኒኑ ላይ ከማላከክ በፊት ይመርመር። በሰገራ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ደም የሚፈልግ ምርመራ አለ። ከዚያ ካስፈለገ ኮሎኖስኮፒ፤ ትልቁን አንጀት በቀጭን ካሜራ ከውስጥ ማየት ማለት ነው።

ኮሎኖስኮፒ ላይ ቆም ልበል፤ ስኳር ላለበት ሰው ዝግጅቱ ከምርመራው ይከብዳል። ከዋዜማው ጀምሮ ጠጣር ምግብ የለም፣ አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት ይጠጣል። በዚህ መሐል የተለመደውን ኢንሱሊን ሙሉውን የወጋ፣ ወይም ብዙዎቻችሁ ዳኦኒል የምትሉትን ግሊቤንክላማይድ የዋጠ ሰው ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛ አልመለስም ያለ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ቀን ሲያዝላችሁ ስኳር እንዳለባችሁ ተናገሩ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ ይሰጠኝ በሉ፣ የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደምትቀንሱ ከስኳር ሐኪማችሁ አስጽፉ። አንደኛው ዓይነት ያለባችሁ መርፌውን ጨርሳችሁ አታቁሙ፤ ይቀነሳል እንጂ አይቋረጥም። ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ለኩ። ቀጭን ሻይ በስኳር፣ ወይም ጠርቶ የሚያሳልፍ ጭማቂ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ቀይ ቀለም ያለው ግን ደም መስሎ ስለሚያሳስት ይቅር። ስኳር ያለበት ሰው አንጀት ቶሎ አይጸዳም፤ የታዘዘውን ሳትቀንሱ ጨርሱት።

ሽንት ላይ በዓይን የሚታይ ደም፣ ባያምም፣ ስኳር አያመጣውም። በተለይ ለሚያጨስ ሰው የፊኛ ነገር ሊሆን ስለሚችል በኢንፌክሽን መድኃኒት ብቻ አትመለሱ።

ጉበትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የስኳር መለኪያችሁን ለጎረቤት አውሳችሁ የምታውቁ? ... ይኸው፣ ግማሹ አዳራሽ። መልካም ሰዎች ናችሁ፣ ግን መውጊያዋን አታውሱ። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ለዓይን በማትታይ ደም ይተላለፋል፣ ጣት መውጊያ በመዋዋስ የተነሱ ወረርሽኞች በሌሎች አገሮች ተመዝግበዋል። ይህ ቫይረስ ደግሞ አገራችን ውስጥ ለጉበት ካንሰር ዋና መንገድ ከሆኑት አንዱ ነው። ስኳርና ውፍረት የሚያመጡት የጉበት ስብ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይደራረባል። ልጆቻችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ክትባቱን ከሌሎች የሕፃናት ክትባቶች ጋር ይወስዳሉ፤ እኛ አዋቂዎቹ ግን አልወሰድንም። አንድ ጊዜ ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ካለባችሁ ወይም ጉበታችሁ ጠባሳ ከያዘ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይደረግላችኋል፤ ምርመራ የሚባለው ያ ነው።

ቆሽት ለየት ይላል። ኢንሱሊን የሚሠራው አካል ራሱ ነው፤ ስለዚህ ስኳር ለካንሰሩ በር ከመክፈት አልፎ ካንሰሩም ስኳር ሊያመጣ ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ስኳር አዲስ ከተገኘበት መቶ ሰው ወደ አንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ይገኝበታል። አንድ ከመቶ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን ይነሳ አይባልም። ግን ሰውየው ቀጭን ከሆነ፣ በዘር ስኳር ከሌለበት፣ መድኃኒት ጀምሮም ኪሎው መውረዱን ካላቆመ፣ ጀርባውን ከወጋው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አትጠብቁ። ለዓመታት ልክ የነበረ ስኳርም ያለ ምክንያት ድንገት እምቢ ካለ «ምን በልተህ ነው?» ብሎ መቆጣት ብቻ አይበቃም። ይህንን ለባልደረቦቼም ነው የምናገረው።

ስለ መድኃኒቶቹ በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። ኢንሱሊን ካንሰር ያመጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 ግላርጂን በሚባለው ኢንሱሊን ላይ እንዲህ ያለ ስጋት ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የወጣው ኦሪጅን የተባለው ጥናት 12,537 ሰዎችን ለስድስት ዓመት ያህል ተከታትሎ ካንሰር አለመጨመሩን አሳየ። ስለዚህ መርፌያችሁን አትተዉ። ሜትፎርሚን ካንሰር ይከላከላል የሚባለውስ? ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከ3,600 በላይ የጡት ካንሰር የታከሙ፣ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ የበሽታውን መመለስ አልቀነሰም። ሜትፎርሚን ለስኳራችሁ ጥሩ መድኃኒት ነው። የምርመራ ምትክ ግን አይደለም።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁም ንገሩልኝ። አሜሪካ ያሉት ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ የአንጀት፣ ከ40 ጀምሮ በየ2 ዓመቱ የጡት ምርመራ ይመከርላቸዋል፤ ኢንሹራንስ ካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ለሌላቸው ሴቶች ደግሞ መንግሥት የጡትና የማህጸን በር ምርመራ የሚያስደርግበት ፕሮግራም አለው። እስራኤል ያሉት ከ50 እስከ 74 ባለው ዕድሜ ማሞግራም በየ2 ዓመቱ፣ የሰገራ ምርመራ በየዓመቱ ያገኛሉ፤ እዚያ የገቡ ወገኖቻችን መጀመሪያ ስኳር ብርቃቸው ነበር፣ ኑሮውና ምግቡ ሲለወጥ ነው የበዛባቸው። ዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ለመኖሪያ ፈቃድ ደማቸው ስለተመረመረ ሁሉም ነገር የታየ ይመስላቸዋል። ያ ምርመራ ተላላፊ በሽታንና እርግዝናን የሚያይ ነው። ለእረፍት ሲመጡ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ስሙን መፍራታችንን አውቃለሁ። ድሮ ነቀርሳ ይባል ነበር፤ ያው ስም ለሳንባ በሽታውም ስለሚውል አንዳንድ እናት ካንሰር ይተላለፋል ብላ የልጅ ልጆቿን አትስምም። አይተላለፍም። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ጸልዩ፤ እቴቴም ትሄድ ነበር። ቀጠሮው ግን አይለፍ።

ንግግሬን ስጨርስ ብዙ ጥያቄ ነበር፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው የተከናነቡ እናት ሰው እስኪበተን ጠብቀው ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ሐኪሜ የመጨረሻ ልጄን ያክላል። እንዴት ብዬ ነው የማወራው?» አሉ። የስኳር ደብተርዎን ይዘዋል ወይ አልኳቸው። ከቦርሳቸው አወጡ፤ ቁጥሮቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደርድረዋል። አፍ የሚይዝዎት ከሆነ ከቁጥሩ ሥር ይጻፉለትና ያሳዩት፣ እሱ አንብቦ ይጠይቅዎታል አልኳቸው። «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ አንቺ ጻፊልኝ» አሉ። ተቀበልኳቸው። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ስላቸው ዙሪያውን ካዩ በኋላ «ደም አያለሁ በይ» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

ጻፍኩት። ከሥሩ የአንድ የማህጸን ሐኪም ክፍል ቁጥር ጨመርኩና ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ተቃጠርን።